ወፍራሙ ዘይት ወጥቶ ቀጭኑ ከገባ ዘጠኝ ወር

ባለፈው ኅዳር ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ መኪናዬ ሁለተኛ ማርሽ አልቀበልም ትል ነበር። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ ዘንጉን ስስበው መሃል ላይ ይቆማል፤ ጠጠር የሚያኝክ ይመስል ይንኮሻኮሻል። እኔ ስታገል ፍጥነቷ ይሞታል፣ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን ይለቅብኛል። ተመልሼ አንደኛ አስገባና ዳገቱን በጩኸት እጨርሰዋለሁ። የጎንደር ፒያሳ ስደርስ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሞቆ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰተት ብሎ ይገባል። ጋራዥ ወስጄ ላሳይ ስል ሁልጊዜ ደህና ናት።

መኪናዋ የ2001 ስሪት ቶዮታ ያሪስ ናት፤ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል። ስገዛት የቀድሞው ባለቤት «የካምቢዮ ዘይቷ ገና አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ አዲስ ነበር። ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ። ኋላ ስናጣራ ለካ አንድ ጋራዥ 85ደብልዩ-140 የሚባል በጣም ወፍራም ዘይት ሞልቶባታል፤ ለጭነት መኪና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎች ለሚያከፋፍለው ክፍል) የሚሸጠውን። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ ያረጀ ኩሽኔታ የሚያሰማው ዋይታ በወፍራም ዘይት ይታፈናል፤ መኪና ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ያ ጸጥታ ዋጋ አለው።

ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነውና የጠርሙስ ጀርባ ማንበብ ልማዴ ነው። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው ነገሩ ሦስት መስመር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፦ ደረጃው (የዘይቱ ቅመም ዓይነትና መጠን) ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5፣ ውፍረቱ 75ደብልዩ-90፣ መጠኑ 1.9 ሊትር። ይህን ይዤ ከተማ ወጣሁ። የመጀመሪያው መደብር 140 ብቻ ነበረው። ሁለተኛው 80ደብልዩ-90 ጂኤል-5 አሳየኝ። ሦስተኛው «ለትንሽ መኪና ቀዩ ይሻላል» ብሎ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሊያስይዘኝ ሞከረ። ቀዩን ዘይት የሚጠይቁ ማኑዋል ካምቢዮዎች በእርግጥ አሉ፤ የእኔዋ ግን ከእነሱ አይደለችም።

ዘይት ሻጮችም ሆኑ ብዙ ሾፌሮች ቁጥሩ ላይ ይሳሳታሉ። የካምቢዮ ዘይት 90 ሲባል ከሞተር ዘይት 40 በእጥፍ የሚወፍር ይመስላቸዋል። መለኪያው የተለያየ ነው እንጂ ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው። ትልቁ ዝላይ ከ90 ወደ 140 ሲኬድ ነው፦ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ 90 የሚባለው ከ13.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ይጀምራል፣ 140 ግን ከ24። ይህ እንግዲህ ዘይቱ ግሎ ሳለ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ጎንደር ውስጥ፣ ሌሊቱን ደጅ ባደረች መኪና ሆድ ውስጥ 140 ምን እንደሚመስል ማር በማንኪያ የገለበጠ ሰው ይገባዋል። ማርሽ ሲገባ ሁለቱን ጥርሶች እኩል ፍጥነት ላይ የሚያመጣቸው ሲንክሮናይዘር የሚባል የናስ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ማርሹ ላይ ባለው ሾጣጣ ላይ ተጣብቆ መፋተግ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ዘይት ቶሎ መጨመቅና መውጣት ይኖርበታል። ወፍራም ዘይት አይወጣም፤ ቀለበቱ ይዋኝበታል፤ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ደረጃው ነበር። ጂኤል-5 የተሠራው ሀይፖይድ ለሚባሉ፣ እየተንሸራተቱ ለሚነካከሱ የዲፈረንሻል ጥርሶች ነው፤ የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙም ከጂኤል-4 በእጥፍ ገደማ ይበዛል። እንደ ያሪስ ባለ የፊት ጎማ ነጂ መኪና ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ይጠጣሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን ሀይፖይድ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ቅመም ለእሷ የማትፈልገው መድኃኒት ነው። ቅመሙ ሲበዛ የናሱ ቀለበት መያዝ ሲገባው ያንሸራትተዋል፤ ሙቀት ሲበረታ ሰልፈሩ ናስ የመብላት ጠባይም አለው። መመሪያው ሁለቱንም ስለሚፈቅድ ጂኤል-5 ያደረገ ሰው አጠፋ አልልም። አሮጌ ቀለበት ላላት መኪና ግን ጂኤል-4 መረጥሁ። ዲኤክስ ኮሮላ ወይም ፒካፕ ያላችሁ ግን የኋላውን ዲፈረንሻል በዚህ ሂሳብ እንዳትነኩት፤ እሱ ጂኤል-5ቱን ይፈልጋል።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁለት ሊትር ካስትሮል ሲንትራንስ መልቲቪሂክል አመጣልኝ፤ ሙሉ ሲንተቲክ፣ 75ደብልዩ-90፣ ጂኤል-4። ዋጋው እዚህ ካለው 140 ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ ከፍዬ ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር።

የሚቀይሩልኝ መካኒክ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «እታለም፣ ይኸ ውኃ ነው እኮ! ዘይት ሲወፍር ነው ካምቢዮ የሚያቅፍ» አሉኝ። ሆኖም እጃቸው እንደ አፋቸው አልነበረም። በመጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ታፖ (የቀዳዳውን መክደኛ ብሎን) ፈቱ። የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው አልፈታም ብሎ መኪና ጋራዥ ውስጥ ሲያድር አይተዋልና። ቀጥሎ መኪናዋን ከጋራዡ አስወጥተን ሜዳ ፍለጋ ሄድን። አትሳቁ፤ ዘይቱ የሚለካው ከመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሞልቶ ሲፈስ ስለሆነ መኪናዋ ዘንበል ካለች ወይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ዘንበል ያላለ መሬት ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የታችኛው ታፖ ሲፈታ ዘይቱ አልፈሰሰም፤ ተንጠለጠለ። ጥቁር ገመድ መስሎ ቀስ እያለ ወረደ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ግቢውን ሞላው። ሰልፈር ነው። ጋሼ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ባልዲው ውስጥ ነከሩት፤ ሲያወጡት ጨርቁ ላይ አመድ የመሰለ ለስላሳ ጭቃ ተለጥፎበታል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አሻሹት። «ደቃቅ ነው፤ ጥርስ አልተሰበረም» አሉ። ቀጥለው በብርሃን በኩል አዘንብለው ሲያዩት ወርቅ የመሰሉ ነጥቦች ብልጭ አሉ። እነሱን ማግኔት አይስባቸውም፤ ከጭቃው ጋር ተጣብቀው የመጡ የናስ ብናኞች ናቸው፤ ማለትም የእኔ ሲንክሮናይዘር። ያን ቀን ዘይቱ ሁሉን እንደማይመልስልኝ አውቄ ገባሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ለውጡ የስሜት ነው ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ፤ አልነበረም። ጥር 10 ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከታቦቱ ኋላ በሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ሰዓታት በአንደኛና በሁለተኛ ብቻ ስሄድ አንድ ጊዜም አልተንኮሻኮሸም። ከሁሉ የበለጠው ፈተና ግን ደባርቅ ነበር። መንገዱ ደህና በሆነ ሰሞን ለክርስትና ሄድን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ከፍታው ግን ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ያደረችው ደጅ ነው፤ ጠዋት መስታወቷ ላይ ውርጭ ነበር። ዘንጉ ጠንከር አለብኝ፤ ቢሆንም ገባ።

አሁን ደግሞ ያልወደድሁት። ቀጭኑ ዘይት ወፍራሙ ደብቆት የነበረውን ሁሉ አወጣው። በአራተኛ ማርሽ በ60 ኪሎ ሜትር ስሄድ ቀጭን ዋይታ ይሰማኛል፤ ኩሽኔታ ነው፣ ከእኔ በፊትም ነበረ። በሦስተኛው ወር የግራው ጎማ አክስል መግቢያ ላይ ያለው ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ማላብ ጀመረ፤ አስቀየርሁት፤ አክስሉ ሲወጣ ዘይት ስለሚፈስ ሦስተኛ ሊትር ማስመጣት ግድ ሆነብኝ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቶሎ ከመለስሁት ዛሬም ያጉረመርማል። የተበላ ቀለበት ዘይት አያበቅለውም፤ በእርጋታ፣ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ትንሽ አቆይቼ ስመልሰው ግን ይታዘዛል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን በእኔ መኪና አላየሁም።

ከደብልዩው በፊት ያለው የብርድ ቁጥር 75 ይሁን ወይስ 80 ለሚለው፣ ለጎንደር ብርድ ልዩነቱ ጥቂት ነው። 75ደብልዩ ካጣሁ 80ደብልዩ-90 ጂኤል-4 ያለ ጭንቀት እሞላለሁ። 140 ግን በነጻም ቢሰጡኝ አልነካም።

ዘጠኝ ወር፣ 9,400 ኪሎ ሜትር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ የላይኛውን ታፖ ከፍተው ጣታቸውን ሰደዱ፤ ዘይቱ ጠርዙ ላይ ነው፣ ቀለሙም ገና ሻይ ይመስላል። ከሦስተኛው ሊትር የተረፈውን ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እንደ ሥራ ልማዴ ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወሰድ?» አሉኝ።