ለሲኒየር ቢልዲንጉ የሜዲኬር ገለጻ፦ የኢንሹራንስ ኤጀንት ይምጣ ወይስ የሺፕ (በየስቴቱ ያለው የሜዲኬር ምክር) አማካሪ?

የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በተለይ 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ፕላን መቀየሪያው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ላሉ እናት አባቶቻችን ማን ያስረዳቸው የሚለው በየዓመቱ ያከራክራል።

ዋጋ፦ ሁለቱም በነፃ። ኤጀንቱ ግን ኮሚሽን አለው፣ ሺፕ ምንም አይሸጥም።

ቋንቋ፦ እዚህ ኤጀንቱ ይበልጣል፣ አማርኛ ተናጋሪ አይጠፋም፤ ለሺፕ ቀድሞ ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ነው፣ በአስተርጓሚ ሲሆን ደሞ ሰዓቱ ይንዛዛና እማማዎቹ ማንቀላፋት ይጀምራሉ።

ሪስክ፦ ለትምህርት ተብሎ በተጠራ ስብሰባ የፕላን መመዝገቢያ ፎርም ማስሞላት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ቡናው ተፈልቶ ጨዋታው ሲሞቅ "እማማ እቺን ብቻ ይፈርሙልኝ" ከተባለ አይፈረምም፣ የሜዲኬር ካርዱም ከቦርሳ አይወጣም።

ለጠቅላላ ግንዛቤ ኤጀንቱ ይበቃል። መድኃኒት የሚያበዙ ወይ ሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅ ላለ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያላቸው ግን የመድኃኒት ዝርዝራቸውን ይዘው ለየብቻ ከሺፕ ጋር ቢቀመጡ ይሻላቸዋል፣ ልጅ ወይ የልጅ ልጅ አብሮ ቢገባ ደሞ የበለጠ።