አፈር ወይስ ኮኮፒት? ለቤት ውስጥ ተክል የትኛው ይሻላል?

ኮኮፒት፣ ማለትም ከኮኮናት ልጣጭ የሚገኝ የመትከያ ብናኝ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ አፈር የገዛ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። አንድ በሶብላ ተከልኩበትና አፈር ላይ እንደለመድኩት በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ብቻ አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ የታችኞቹ ቅጠሎች መልካቸውን ቀየሩ። ጅማታቸው አረንጓዴ ነው፣ በጅማቶቹ መካከል ያለው ግን ቢጫ። ማግኒዢየም ያጣ ተክል እንደዚህ ነው የሚናገረው። ችግሩ ከዕቃው አልነበረም። ተክሉ የሚበላው ምንም ነገር አልሰጠሁትም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድሩ ከምንም በፊት ይህን ጠይቁ፦ ተክሉን የሚመግበው ማን ነው?

አፈር ራሱ ይመግባል። ብስባሽ አለው፤ ብስባሹን እየፈጩ ለሥሩ የሚያቀርቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉት። ጥሩ የመትከያ አፈር ከገዛችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ቀን ብትረሱትም ይታገሳችኋል። ኮኮፒት ግን የኮኮናት ልጣጭ ነው። ረጃጅሙ ጭረት ለገመድና ለምንጣፍ ተወስዶ የሚቀረው ብናኝ ማለት ነው። በብዛት የሚመጣው ከህንድና ከስሪላንካ ነው። ሥሩን ደግፎ ይይዛል፣ ውሃና አየር ይሰጣል፤ ምግብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ማዳበሪያውን ከውሃው ጋር እያሟሟችሁ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ከሞላ ጎደል ባጠጣችሁ ቁጥር።

ገዢ ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው፣ ግን መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ደግሞ አለ። ኮኮፒት በተፈጥሮው ፖታሲየምና ሶዲየም ይዞ ነው የሚመጣው። በማዳበሪያችሁ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዢየም ስትሰጡት እነዚህን ለራሱ ያስቀርና በምትካቸው ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን ይለቃል። እናንተ እየመገባችሁ ተክሉ ይራባል። በዚህ ምክንያት ጥሩ አምራቾች ከመሸጣቸው በፊት በካልሲየም ያክሙታል፤ በማሸጊያው ላይ «በፈርድ» የሚለው ይህንን ነው። «የታጠበ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማጠብ ጨውን ያወጣል እንጂ ካልሲየም አይሞላለትም። ያልታከመ ከገዛችሁ ካልሲየም ናይትሬት በተሟሟበት ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ነክራችሁ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ይኖርባችኋል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የታከመውን ግዙ። ከዚህ ላይ ቆጥቦ የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

ውሃ አጠጣጡም ፈጽሞ ይለያል። አፈር ላይ ጣታችሁን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ታስገባላችሁ፤ ደርቆ ከሆነ ታጠጣላችሁ። አብዝታችሁ ካጠጣችሁ አየር ያጣና ሥሩ ይበሰብሳል። ኮኮፒት ውሃ ጠጥቶ እንኳን በውስጡ አየር ይይዛል፤ ስለዚህ ውሃ በማብዛት ተክል መግደል ከባድ ነው። ማድረቅን ግን አይወድም። ሲደርቅ ውስጡ ያለው ጨው ይከማቻል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ያደገ ቲማቲም ወይም ቃሪያ በየቀኑ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ስታጠጡም ከሰጣችሁት ከ10 እስከ 20 በመቶው ከታች መፍሰስ አለበት፤ የተረፈውን ጨው አጥቦ የሚያወጣው እሱ ነው። ከሥር ያለው ሰሃን ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ተመልሶ ከተመጠጠ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ከዚህ ጋር የመለኪያ ጣጣ ይመጣል። አፈር ላይ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ከ6.0 እስከ 7.0 ከሆነ ብዙው ተክል ይስማማዋል፤ አፈሩ ራሱም ትንሽ ያስተካክላል። ኮኮፒት ላይ የምታጠጡት ውሃ ከ5.8 እስከ 6.2 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ያስፈልጋችኋል። የማዳበሪያውን ጥንካሬ የሚያሳየው የኢሲ መለኪያም ቢኖር ጥሩ ነው። ማዳበሪያውንም ለኮኮ ተብሎ የተዘጋጀውን ፈልጉ፤ ካልሲየምና ማግኒዢየም የተጨመረበት ነው። ወጪ ስታሰሉ እነዚህን አትርሱ፤ ኮኮፒት ተጨምቆና ደርቆ የሚሸጥበት ጡብ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ርካሽ ነው ማለት አይቻልም።

ጡቡ ራሱ ግን ደስ ይላል። 650 ግራም የምትመዝን አንዲት ደረቅ ጡብ 4 ሊትር ያህል ውሃ ጠጥታ ከ8 እስከ 9 ሊትር ትሆናለች። ለብ ያለ ውሃ ስታፈሱባት ጠርዟ ይሰነጠቃል፣ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ይረግፋል፣ ቀስ በቀስ ባልዲውን ትሞላለች። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል። ቀለሙ እስኪሳሳ አለቅልቁት። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የአፈር ከረጢት ከመሸከም ጋር አይወዳደርም። ቶሎ ስለማይበሰብስም የቀድሞውን ሥር ለቅማችሁ፣ አጥባችሁና እንደገና አክማችሁ ሁለተኛ ዙር ልትተክሉበት ትችላላችሁ።

ጥቃቅኖቹ ጥቁር ትንኞች ሁለቱም ላይ ይመጣሉ። ኮኮፒት ከእነሱ ነጻ ያወጣል የሚለውን አትመኑ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በደንብ የተመገበ ተክል ኮኮፒት ላይ ቶሎ ያድጋል፤ ሥሩ አየር ስለሚያገኝ። «በደንብ የተመገበ» የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት።

የኔ ምክር ይህ ነው። ብዙ የምትጓዙ ከሆነ፣ ጥቂት የጌጥ ተክሎች ብቻ ካሏችሁ ወይም መለካት የሚሰለቻችሁ ከሆነ አፈር ላይ ቆዩ። ሲጠጥርባችሁ ፐርላይት (አፈር የሚያሳሳ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ቀላቅሉበት፤ ብዙ ሰው ከኮኮፒት የሚጠብቀውን እፎይታ በዚሁ ያገኛል። በየቀኑ ተክላችሁን የምታዩ፣ ቲማቲምና ቃሪያ መብራት ሥር የምታሳድጉ ከሆነ ግን ኮኮፒት ይክሳችኋል። 70 በመቶ ኮኮፒት ከ30 በመቶ ፐርላይት ጋር ጥሩ መነሻ ነው።

ለመቀየር ከወሰናችሁ ያደገውን ተክል ከነአፈሩ አውጥታችሁ ኮኮፒት መሃል አትትከሉት። ዙሪያው በየቀኑ ውሃ ሲፈልግ መሃሉ ላይ ያለው አፈር ረጥቦ ይቀርና ሥሩን ያንቃል። ከዘር ጀምሩ። በሶብላ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አንዱን ቅርንጫፍ ከቅጠል መውጫው በታች ቆርጣችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁሙት፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ነጫጭ ሥሮች ያወጣል። ያኔ ኮኮፒቱን ቀጠን ባለ ማዳበሪያ አርጥቡና ትከሉት። እናቱ አፈሯ ላይ ትቆይ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳድጉና የትኛው ለእናንተ ኑሮ እንደሚስማማ በዓይናችሁ እዩት።