ለመምህር ስጦታ፦ የታሸገ ቅርጫት፣ የጠመኔ ጥቅል ወይስ የማርከር ጥቅል?

ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለመምህር ስጦታ ሲገዙ ምርጫቸው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አይወጣም፦ ታሽጎ የሚሸጥ ቅርጫት፣ በጥቁር ሰሌዳ ለሚያስተምር የሚሰናዳ ጥቅል ወይም በነጭ ሰሌዳ ለሚያስተምር የሚሰናዳ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የክፍሉን ሰሌዳ አጣሩ።

የታሸገው ቅርጫት

ያለው ጥቅም ጊዜ መቆጠቡ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ኩባያ፣ ቸኮሌትና አንድ ያማረ እስክሪብቶ ሲሆን ለሪባኑና ለፕላስቲኩም ትከፍላላችሁ። (ኩባያ ደግሞ መምህር ቤት ሞልቷል።) ስጦታው ለነገ ከሆነና መርካቶ ለመውረድ ጊዜ ከሌለ ይግዙት፤ አለበለዚያ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ይሰናዳል።

ለጥቁር ሰሌዳ

100 ፍሬ የሚይዝ ነጭ ጠመኔ 2 ፓኬት፣ ባለ ቀለም 1 ፓኬት፣ ዳስተር 1፣ ጋውን 1። መምህሩ በቀን 4 ፍሬ ቢጨርስ አንድ ፓኬት ለ25 የትምህርት ቀን ይበቃል።

ጠመኔ ስትመርጡ አቧራው የማይበን የሚባለውን ፈልጉ። አቧራ የለውም ማለት አይደለም፤ ብናኙ ከበድ ስለሚል አየር ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በሻካራ ነገር ላይ ጻፉበት፦ የሚቧጭር ወይም የሚሰባበር ከሆነ ፓኬቱን ተዉት። እርጥበት የነካው ጠመኔም በደንብ አይጽፍም፤ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ ስጡ። ጠመኔ እጅ ስለሚያደርቅ ትንሽ ጠርሙስ ግሊሰሪን ጨምሩበት። ጋውኑን ግን በግምት አትግዙ፤ ትከሻው ከጠበበ ሰሌዳ ላይ እጅ አያስነሳም።

ለነጭ ሰሌዳ

ጥቁር 4፣ ሰማያዊ 4፣ ቀይ 2 ማርከር፣ መጥረጊያ 1፣ መሙያ ቀለም 2 ጠርሙስ። መሙያው የሚሠራው ተሞልቶ እንዲያገለግል ለተሠራ ማርከር ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ከአንድ ዓይነት ግዙ።

ትልቁ ስሕተት የማይጠፋውን፣ ፐርማነንት የሚባለውን ማርከር መግዛት ነው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈሉ። በስሕተት የተጻፈበት ሰሌዳ ካለ በላዩ ላይ በትክክለኛው ማርከር ደርቦ ጽፎ፣ ሳይደርቅ ወዲያው መጥረግ ነው፤ ካልለቀቀ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ይሞከር። ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ የቆመ ማርከር ቀለሙ ወደ ታች ስለሚወርድ ቶሎ ያለቀ ይመስላል፤ ብዙ ደኅና ማርከር የሚጣለው በዚህ ነው። አግድም ይቀመጥ።

ሁለቱን ብናነጻጽር የጠመኔው ጥቅል ርካሽ ነው፤ የማርከሩ ውድ ቢሆንም መሙያው ካለበት ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ለሁለቱም የሚሆነው

ቀይ እስክሪብቶ 5፣ ለማርክ ሊስትና ለሮስተር የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ቦክስ ፋይል 1፣ ስቴፕለር ከነሽቦው። ሽቦው ላይ ቁጥሩን ተመልከቱ፦ ለትንሿ ስቴፕለር ቁጥር 10፣ ለትልቁ 24/6 ነው። ከተለዋወጠ አይገባም። ወፍራም የፈተና ወረቀት ለሚያያይዝ መምህር ትልቁ ይሻላል።

የሚበላውና የሚጠጣው

ቸኮሌት ወይስ ቆሎ? ወተት ያለበት ቸኮሌት በጾም ተቀምጦ ይሰነብታል፤ በሙቀትም ይቀልጣል። 1 ኪሎ ቆሎና ግማሽ ኪሎ ዳቦ ቆሎ በአንጻሩ በረፍት ሰዓት ለመምህራን ክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ዳቦ ቆሎው ቅቤ ወይም እንቁላል እንዳልገባበት ሻጩን ጠይቁ። ቆሎ ትኩስ እያለ ከታሸገ እንፋሎቱ ያልበዋል፣ መንኮሻኮሹም ይቀራል፤ ፈጽሞ ይብረድ። ከቆሎው ጋር ለውዝ ካለ ቀድሞ ስለሚበላሽ ለብቻው በትንሽ ከረጢት ይሁን።

ቡና ከሆነ ጥሬ ይሻላል። የተፈጨው በጥቂት ሳምንት መዓዛው ይጠፋል፣ ጥሬው ግን ደረቅ ቦታ ለወራት ይቆያል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ተቆልቶ 400 ግራም ገደማ ስለሚሆን ዋጋውን ከተቆላው ጋር ስታስተያዩ ይህን አስቡ። ብቻዋን የምትኖርና ለመቁላት ጊዜ የሌላት መምህርት ከሆነች ግን በዚያው ሳምንት የተቆላ፣ ያልተፈጨ 250 ግራም ይበቃታል።