ስምንት ወር ከአንድ የሙቀት ትራንስሚተር ጋር

በእንፋሎት በሚሞቀው ታንከራችን ላይ የገጠምኩት ትራንስሚተር ስምንት ወር ሞላው። ሌት ተቀን ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም ልናገር።

ታንከሩ ውስጥ የገባው ሴንሰር ፒቲ 100 የሚባለው ነው። የፕላቲነም ሽቦው ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም መጠኑ) በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ትራንስሚተሩ ይህችን ለውጥ ለክቶ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ወደ ሆነ ከረንት ይቀይራታል። የኔው ከ0 እስከ 200 ዲግሪ እንዲለካ ስለተስተካከለ፣ 100 ዲግሪ ላይ 12 ሚሊ አምፔር ይልካል። የሚሠራበትን 24 ቮልትም የሚያገኘው ይህ ከረንት በሚሄድባቸው በነዚያው ሁለት ሽቦዎች ነው። ኬብሉ ቢረዝምም ከረንቱ ያው ነው። በፊት ሴንሰሩን በሁለት ሽቦ ቀጥታ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍል እንስበው ነበር። ያኔ 1 ኦም የሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ንባቡን በ2.6 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገው ነበር።

ሦስት ወር ምንም አላስቸገረኝም። በአራተኛው ወር ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ንባቡ አምስት ስድስት ዲግሪ መዝለል ጀመረ። ጥፋቱ የትራንስሚተሩ መሰለኝና ሌላ ከመጋዘን አወጣሁ። ክዳኑን ስከፍት ግን ከሴንሰሩ ወደ ትራንስሚተሩ ከሚመጡት ሦስት ሽቦዎች የአንዷ ብሎን ላልቶ አገኘሁት። በሦስት ሽቦ ሲታሰር መሣሪያው የሽቦዎቹ ሬዚስታንስ እኩል ነው ብሎ ነው የሚያርመው። አንዷ ላይ 2 ኦም ከተጨመረ ከ5 ዲግሪ በላይ ይስታል። ብሎኑን አጠበቅኩት፣ ዝላዩም ቆመ። ንዝረት ባለበት ቦታ ከገጠማችሁት፣ ከመቀየራችሁ በፊት እባካችሁ ብሎኖቹን እዩ።

ይበልጥ የወደድኩት ስድስተኛው ወር ላይ ነው። ሴንሰሩ ውስጡ ተበጠሰ። ትራንስሚተሩ ወዲያው ወደ 21 ሚሊ አምፔር ወጣ፣ ማንቂያው ጮኸ፣ የእንፋሎት ቫልቩም ተዘጋ። እንዲህ የሆነው ስንገጥመው ብልሽት ሲኖር ከረንቱ ወደ ላይ እንዲወጣ ስላስተካከልነው ነው። ወደ ታች፣ ወደ 3.6 ሚሊ አምፔር፣ ቢሆን ኖሮ ብልሽቱን መለየት የማይችል ኮንትሮለር (ቫልቩን የሚያዘው መሣሪያ) ታንከሩ የቀዘቀዘ መስሎት ቫልቩን ወለል አድርጎ ይከፍተው ነበር። የማቀዝቀዣ ሥራ ከሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። ይህችን ምርጫ ፋብሪካው እንደላካት መተው በጣም አደገኛ ነው። ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ትራንስሚተሩ ግን ምንም አልሆነም።

ቅር ያለኝ ነገርም አለ። ኤሌክትሮኒክሱ ከሴንሰሩ ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚችለው የአካባቢ ሙቀት ደግሞ እስከ 85 ዲግሪ ነው። አጠገቡ ያልተሸፈነ የእንፋሎት ቧንቧ ስለነበር ክዳኑ እጅ አያስነካም ነበር። ቧንቧውን ካስሸፈንን በኋላ ተሻለው። ሽቦ የሚታሰርባቸው ተርሚናሎችም በጣም ተጠጋግተዋል፤ በጓንት ማሰር አይታሰብም።

ትክክለኛነቱን በበረዶ ውኃ ፈተንኩት። በደንብ የተፈጨ በረዶ ከውኃ ጋር አማስዬ ሴንሰሩን ነከርኩና እስኪረጋ ጠበቅሁ። ስንገጥመው 0.1 ዲግሪ ነበር ያሳየው። አሁን በአዲሱ ሴንሰር 0.2 ነው። ለዚህ ታንከር ከበቂ በላይ ነው።

ለሁለተኛው ታንከርም ይሄንኑ ዓይነት ጠይቄያለሁ፤ የሴንሰሩ ራስ ከሙቀቱ እንዲርቅ ግን አንገቱ ረዘም ያለውን።