ከድምፅ የዘገየ ርካሽ ጥይት፦ አራት ዓይነት ባለ .22 ለዒላማ ተኩስ

ማፈኛ የተገጠመለት ጠመንጃ ሲተኮስ የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። ከአፈሙዝ የሚፈነዳው ጋዝ አለ፤ ማፈኛው የሚሠራው በዚህ ላይ ብቻ ነው። አረሩ ከድምፅ ፈጥኖ ሲበር አየሩን እየሰነጠቀ የሚያሰማው ጩኸት ደግሞ ለብቻው ነው፤ እሱን የትኛውም ማፈኛ አይነካውም። ስለዚህ ጸጥ ያለ የዒላማ ልምምድ የፈለገ ሰው ከድምፅ የዘገየ ጥይት ያስፈልገዋል። በዝቅተኛ ወጪ ይህን የሚሰጠው ባለ .22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው፣ ውፍረቱ 0.22 ኢንች ገደማ የሆነው ትንሽ ጥይት ነው። ቀለሁን መልሶ መሙላት አያዋጣም፤ ተቀጣጣዩ ቅመም ያለው በጠርዙ ውስጥ ስለሆነና መርፌው ጠርዙን አንዴ ስለሚያጎደጉደው፣ ምርጫው ያለቀለት የፋብሪካ ጥይት ነው።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነት። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በዜሮ ዲግሪ 331 ሜትር ይጓዛል። በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ገደማ ይለዋወጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው የቦታ ከፍታ ይለውጠዋል ይላል፤ የሚለውጠው ግን ከፍታው ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው። በሞቃት ቀን ዝም ያለው ሳጥን ውርጭ ባለበት ማለዳ መጮህ ቢጀምር ጥይቱ አልተበላሸም፤ ድንበሩ፣ ማለትም የድምፅ ፍጥነት፣ ነው ዝቅ ያለው።

ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ 40 ግሬን (2.6 ግራም) አረር አለው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በሰከንድ 1070 ጫማ፣ ማለትም 326 ሜትር ነው። ከአራቱ ለዕለት ተዕለት ልምምድ የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ብዙ ጊዜ አይከሽፍም፣ ራሳቸው የሚያጎርሱ ጠመንጃዎችንም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያሠራል። ድክመቱ የፍጥነት አለመመጣጠን ነው። ከ50 ፍሬ ውስጥ ሁለት ሦስቱ በብርድ ቀን ጧ ብለው ይጮሃሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሲታይ እነዚያው ፍሬዎች ከጓደኞቻቸው በላይ መትተው ይገኛሉ። ፍጥነት መለኪያ የሌለው ተኳሽ ጆሮውን በመለኪያነት ሊጠቀምበት ይችላል፦ የጮኸችውን ፍሬ ቀዳዳ ምልክት አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚከብድ በቁጥር ይታያል። በሁለት ጥይቶች መካከል የ10 ሜትር በሰከንድ ልዩነት ቢኖር፣ በ50 ሜትር ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ያመጣል። በ50 ሜትር የዓለም አቀፍ ውድድር ዒላማ ላይ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ100 ሜትር ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ለጥይት ስንከፍል የምንገዛው ዝግታውን ሳይሆን እኩልነቱን ነው፤ ዘገምተኛ ጥይት ማንም ፋብሪካ ይሠራል።

ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ በዚህ ረገድ ይሻላል። የጀርመን ምርት ነው፤ አረሩ ያው 40 ግሬን፣ ፍጥነቱ 328 ሜትር በሰከንድ። በወረቀት ከሲሲአይ ይፈጥናል፤ እኩልነቱ ግን የተሻለ ስለሆነ የሚጮኸው ፍሬ ያነሰ ነው። ጥሩ በርሜል ባለው፣ በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ አምስት ፍሬ በ50 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢሰበሰቡ አያስገርምም። የሚያስቸግረው ቅባቱ ነው፤ አረሩ በቅባት የተለወሰ ስለሆነ አሸዋና የኪስ ቆሻሻ ይለጥፋል። ከሳጥኑ ሳይወጣ እስኪጎርስ ድረስ ይቆይ።

ሁለቱን እያፈራረቁ መተኮስ ግን አይሆንም። የየፋብሪካው ቅባት ይለያያል፤ በርሜሉ በአዲሱ ቅባት እስኪለመድ ድረስ ከ10 እስከ 20 ፍሬ ይፈልጋል። በዚያ መካከል የተተኮሰው ቡድን (በአንድ ዒላማ ላይ የተመቱት ቀዳዳዎች ስብስብ) ስለ ጥይቱ ምንም አይናገርም፤ በርካታ «ይህ ጥይት አይረባም» የሚል ፍርድ የሚወለደውም እዚያ ላይ ነው። ሌላው የሎት ቁጥር፣ ማለትም ጥይቱ በየትኛው የምርት ዙር እንደተሠራ የሚናገረው ቁጥር፣ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሎቱ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ከሁለት ሦስት ሎት አንድ አንድ ሳጥን ገዝቶ፣ ጠመንጃውን ደገፍ አድርጎ፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ፍሬ አምስት ጊዜ መተኮስ፣ ከዚያ የተሻለውን ሎት በብዛት መግዛት ያዋጣል። አንዲት ቆንጆ ቡድን ተመቶ «አገኘሁት» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሲሲአይ ኳየት ሌላ ዓይነት ነው። 40 ግሬን አረሩ በሰከንድ 710 ጫማ፣ 216 ሜትር ብቻ ይሄዳል። ማፈኛ ሳይኖር እንኳ ድምፁ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስለትም፤ ፍሬ በፍሬ በእጅ ማቀባበል ነው። ከስታንዳርዱ ጋር ሲነጻጸር በ50 ሜትር ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ማነጣጠሪያው እንደገና መስተካከል አለበት። በ25 ሜትር ለጀማሪ ማስተማሪያ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ እንደፈለገ ይገፋዋል።

አጊላ ስናይፐር ሰብሶኒክ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። አረሩ 60 ግሬን ነው፤ ረዥም ነው። አብዛኞቹ ባለ .22 በርሜሎች አረሩን የሚያሽከረክረው የውስጥ ጥምዝምዛቸው በ16 ኢንች አንድ ዙር ስለሆነ ይህን ረዥም አረር በቂ አድርገው አያሽከረክሩትም። ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል፦ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ በጎን እንደገባ ቁልፍ የረዘመ ይሆናል። ለዒላማ ይህ ውጤት ማበላሸት ብቻ ነው፤ ማፈኛ ላለው ግን የሚንገዳገደው አረር የማፈኛውን ውስጥ ሊመታ ይችላል። መጀመሪያ ያለ ማፈኛ በቅርብ ወረቀት ይሞከር፤ አንድ እንኳ ረዥም ቀዳዳ ከታየ ሳጥኑ ይቀመጥ።

ሳይተኮስ የከሸፈ ፍሬ ሲያጋጥም አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ ማውጣት ነው። ተኩሱ ከወትሮው ደከም ብሎ ከተሰማ ደግሞ ቀጣዩን ከማጉረስ በፊት በርሜሉ ውስጥ አረር ቀርቶ እንደሆነ ይታይ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዘንግ ሰዶ መፈተሽ ነው።

የባለ .22 አረር አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የሌለው እርሳስ ስለሆነ ማፈኛው ውስጥ እርሳስና ቅባት በፍጥነት ይጋገራል። ስለዚህ ለዚህ ጥይት የሚገዛ ማፈኛ የሚፈታ ይሁን፤ ሕጉ አገር ለአገር ስለሚለያይ ፈቃዱም ቀድሞ ይጣራ። ሲጸዳ ጓንት ይደረግ፣ ደረቁን እየፋቁ አቧራ ማስነሳት ይቅር። በሆምጣጤና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የመዘፍዘፍ ዘዴ እርሳሱን ያሟሟዋል፣ የሚተርፈው ፈሳሽ ግን በቀላሉ ወደ ሰውነት የሚገባ መርዛማ የእርሳስ ጨው ነው፤ ፍሳሽ ውስጥ የሚደፋም አይደለም።