ማዕረግ ከንጉሥ፣ ማዕረግ ከፕሬዚዳንት

ጅማ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። “ግራዝማች፣ ቡና ደርሷል!” ይባላሉ፤ ማዕረጉ ስማቸውን ውጦታል።

ያ የዘውዱ ዘመን ነገር ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የልዑልነት ማዕረግና ሌላ ክብር መስጠትም መንሳትም የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ መብት ነበር። በ1987ቱ ግን አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱን በሕግ ያስራቸዋል። ኒሻን የሚሰጡት ሕጉ በሚለው መንገድ ነው። ከፍተኛ የጦር ማዕረግ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው።

ለእኔ የአሁኑ ይሻላል፤ የአንድ ሰው ፊት እያዩ መኖር ቀርቷል፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ለዛ ያለው ግን የድሮው ነው። ሜዳሊያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ግራዝማችነት ቡና ላይ ይጠራል።

የኛ አባ ጅፋር ደግሞ ከሁለቱም የሉበትም። ስሙ የፈረስ ስም ነው።