ከኦሪጅናሉ ኢሲዩ ጎን ሁለተኛ ልጨምር ወይስ ነቅዬ ልተካው?

ቱርቦ ገጥመሃል፣ ትልልቅ ኢንጀክተርም (ቤንዚን የሚረጨው) አስገብተሃል እንበል። የፋብሪካው ኢሲዩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚን የሚያሰላው በድሮው ሞተር ነው። መጀመሪያ የራሱን ሶፍትዌር እንደገና መጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ከተቻለና ለውጥህ መጠነኛ ከሆነ ሌላ ሳጥን አትግዛ፤ አንድም ሽቦ አትነካም።

ካልተቻለ ደግሞ ኦሪጅናሉ ከሞተሩ ውጪ ምን ምን እንደሚሠራ እይ። ምርጫህን የሚወስነው እሱ ነው። ካምቢዮው ማኑዋል፣ የነዳጅ ፔዳሉም በገመድ የሚሳብ አሮጌ መኪና ከሆነ ነቅለህ ሙሉ ኢሲዩ ግጠም፤ ብልሽት ሲመጣ የምትጠረጥረው አንድ ሳጥን ብቻ ይሆናል።

አዲስ መኪና ላይ ግን ክሩስኮቶው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ ኤቢኤሱ፣ ኤሲው፣ ኢሞቢላይዘሩ (የስርቆት መከላከያው) ሁሉ በካን መስመር፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት ሽቦ፣ የኢሲዩውን መልእክት ስለሚጠብቁ፣ ነቅለህ ስታወጣው ሞተሩ ቢነሳ እንኳ የቀረው መኪና ግራ ይጋባል። ለእንዲህ ያለ መኪና ሁለቱን ጎን ለጎን ማሠራት ይሻላል፦ አዲሱ ቤንዚንና እሳት (የካንዴላውን ብልጭታ) ይይዛል፣ ሌላው ለኦሪጅናሉ ይቀራል።

ረከስ ያለው አማራጭ ፒጊባክ የሚሉት ነው፤ የአየር ሴንሰሩን ምልክት መሐል ገብቶ እየቀየረ ኦሪጅናሉን ያታልላል። ለቱርቦ አልመክረውም። አንደኛ፣ ኦሪጅናሉ በኦክስጅን ሴንሰሩ እያየ ስለሚማር ያስተካከልከውን ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ሁለተኛውና የሚያስፈራው፣ ለትልልቆቹ ኢንጀክተሮች ብለህ የአየሩን ንባብ ስታሳንስ፣ ኦሪጅናሉ የሞተሩ ጭነት የቀነሰ መስሎት እሳቱን ያስቀድማል። በቱርቦ ግፊት ላይ ይህ ማንኳኳት (ቤንዚኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ከቁጥጥር ውጪ መፈንዳት) ያመጣል፤ ፒስተን የሚበላውም እሱ ነው።

ጎን ለጎን ስታስገባ ችግር የሚፈጥሩት ሴንሰሮቹ ናቸው። ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚልኩትን፣ ለምሳሌ የግፊት ሴንሰሩን፣ ግራውንዱ (ኔጋቲቩ) አንድ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ማንበብ ይችላሉ። የሙቀት ሴንሰር ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኢሲዩ በራሱ ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልክለታል፤ ሁለቱ ሲደረቡ ቮልቱ ከፍ ይልና ሞተሩ ከእውነተኛው ይልቅ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል፣ ቤንዚኑም ይበዛል። ሰው ቀናት ሙሉ ሶፍትዌሩን ሲነካካ ይውላል፣ ጥፋቱ ያለው ግን እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የምትገዛው ኢሲዩ ይህን ሬዚስተር በሶፍትዌር ማጥፋት የሚችል መሆኑን ጠይቅ፤ ካልሆነ ሁለተኛ ሴንሰር ግጠምለት።

ኢንጀክተሩን የሚያዝዘው አንዱ ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ ኢንጀክተሮቹን ሲያጣ የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል፤ በቦታቸው ሬዚስተር ታስርለታለህ።

ለዋይድባንድ ሴንሰርም፣ ማለትም የአየርና የቤንዚኑን ቅልቅል መጠን ለሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር፣ ገንዘብ አስቀምጥ። የድሮው የኦክስጅን ሴንሰር (ናሮውባንድ) ቅልቅሉ ከ14.7 አየር ለ1 ቤንዚን በላይ ወይም በታች መሆኑን እንጂ ምን ያህል እንደራቀ አይነግርህም።

ሃልቴክና ሊንክ የተባሉት የኢሲዩ አምራቾች ለአንዳንድ ሞዴሎች የፋብሪካው ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ አላቸው። ያ ግን ለመተካት የታሰበ ነው። ጎን ለጎን ከሆነ ዓላማህ በራሱ ሽቦ የሚገጠመውን ውሰድ። የነዳጅ ፔዳሉ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ደግሞ ትሮትሉን (የአየር መግቢያውን መዝጊያ) መጀመሪያ ለኦሪጅናሉ ተውለት፤ አዲሱ ከወሰደበት ኦሪጅናሉ ብልሽት መስሎት የራሱን የጥንቃቄ ሞድ ያስገባልና።